ደብረ ብርሃንን በስንት ኪሎ ሜትር ግሪድ? የከተማ አየር ብክለት ሞዴል አሠራር መመሪያ

«ከተማችንን በ1 ኪሎ ሜትር እንሥራው ወይስ 3 ይበቃል?» የሚለው ጥያቄ ደጋግሞ ይመጣል። የሚመጣውም ብዙ ጊዜ ሥራው ተጀምሮ፣ ኮምፒውተሩ ሳምንት ሙሉ ሲለፋ ከከረመ በኋላ ነው። መጠየቅ የነበረበት ግን ከሁሉ በፊት ነበር።

አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ ግሪዱ (ሞዴሉ አካባቢውን የሚከፋፍልበት የሳጥኖች መረብ፤ ኪሎ ሜትሩ የአንዱ ሳጥን ጎን ነው) የምትሰጡትን የልቀት መረጃ ያህል እንጂ ከዚያ በላይ አያውቅም። ጭሱ ከየትኛው ሰፈር፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ ካልነገራችሁት 1 ኪሎ ሜትር የሚያተርፋችሁ ያማረ ካርታ ብቻ ነው። ረጅሙ መልስ ከታች አለ። ምሳሌያችን ደብረ ብርሃን ነው፤ ከዳገቱ ሥር ላለው ሸዋ ሮቢት የሚለየውን በየቦታው እንጠቁማለን።

የሚያስፈልጓችሁ

- ሊነክስ የተጫነበት ኮምፒውተር። ከታች ላለው ምሳሌ 16 ኮር፣ 64 ጊጋባይት ራምና 2 ቴራባይት ባዶ ዲስክ ጥሩ መነሻ ነው።
- ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን የሚያቆይ ባትሪ)። መብራት በጠፋ ቁጥር ከዜሮ እንዳትጀምሩ ሞዴሉ በየ6 ሰዓቱ የመቀጠያ ፋይል እንዲጽፍ አድርጉ (ናሜሊስቱ፣ ማለትም የሞዴሉ የቅንብር ፋይል፣ በደቂቃ ስለሚቆጥር 360 ብላችሁ ሙሉት)።
- የአየር ጠባይ ሞዴል ደብልዩ አር ኤፍ፣ ከኬሚስትሪ ሞዴል ጋር (ሲማክ ወይም ደብልዩ አር ኤፍ ኬም)። ለጭስ ማውጫና ለመንገድ ዳር ኤርሞድ የተባለው ሞዴል።
- መነሻ የአየር ጠባይ መረጃ፦ ኢአርኤ5፣ 0.25 ዲግሪ፣ በየሰዓቱ።
- የመሬት ከፍታ፦ ኤስአርቲኤም 30 ሜትር። የመሬት ሽፋን፦ ወርልድከቨር 10 ሜትር።
- የልቀት መዝገብ፦ ኤድጋር 0.1 ዲግሪ።
- ልቀቱን የምታከፋፍሉበት፦ የወርልድፖፕ የሕዝብ ስርጭት (100 ሜትር)፣ የኦፕንስትሪትማፕ መንገዶች፣ በጂፒኤስ የተወሰደ የፋብሪካና የዳቦ ቤት መገኛ።
- ቢያንስ 4 የፒኤም 2.5 (የደቃቅ ብናኝ) ሴንሰሮችና አንድ የነፋስ መለኪያ።
- ለካርታ ኪውጂአይኤስ፣ ለስሌት ፓይተን።

ደረጃ 1፦ የምትመልሱትን ጥያቄ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

የግሪዱ መጠን የሚወጣው ከጥያቄው ነው። የዞኑን አጠቃላይ ሁኔታ ወይም ከሩቅ የሚመጣውን አቧራና ጭስ ከፈለጋችሁ 9 ኪሎ ሜትር ይበቃል። የከተማውን የቀን አማካይ ከፈለጋችሁ 3 ኪሎ ሜትር። አንዱ ሰፈር ከሌላው በምን እንደሚለይ ከፈለጋችሁ 1 ኪሎ ሜትር። አስፋልት ዳር የሚቸረችር ሰው ምን እንደሚተነፍስ ወይም ከፋብሪካ አጥር ውጭ ምን እንዳለ ከፈለጋችሁ ግን የትኛውም ግሪድ አይመልስላችሁም፤ በቀጥታ ወደ ደረጃ 9 ሂዱ።

ደረጃ 2፦ ወጪውን አስቀድማችሁ አስሉ

የሳጥኑን ጎን በግማሽ ስትቀንሱ የሳጥኖቹ ቁጥር 4 እጥፍ ይሆናል፤ የጊዜ እርምጃውም (ሞዴሉ በአንድ ስሌት ወደፊት የሚራመደው ሰከንድ) በግማሽ ስለሚያጥር ሥራው 8 እጥፍ ይሆናል። በ3 ስትከፍሉት 27 እጥፍ ነው። ይህን ሳያሰሉ የጀመሩ ሰዎች ሙከራውን በ3 ቀን መረጃ ብቻ ለመጨረስ ይገደዳሉ። የ3 ቀን ውጤት ደግሞ ስለ ግሪዱ ሳይሆን በዚያ ሰሞን ስለነፈሰው ነፋስ ነው የሚናገረው።

ደረጃ 3፦ ግሪዱን ደራርባችሁ ዘርጉ

ኢአርኤ5 31 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከእሱ በቀጥታ ወደ 1 ኪሎ ሜትር መዝለል አይቻልም፤ በየደረጃው በ3 እየከፈላችሁ ውረዱ።

- ውጫዊው፦ 9 ኪሎ ሜትር፣ 99 በ99 ሳጥን
- መካከለኛው፦ 3 ኪሎ ሜትር፣ 99 በ99 ሳጥን
- ውስጠኛው፦ 1 ኪሎ ሜትር፣ 90 በ60 ሳጥን

ናሜሊስቱ ውስጥ የምትጽፉት ከሳጥኑ ቁጥር አንድ ጨምራችሁ ነው (100፣ 100፣ 91 በ61)፤ አንድ ሲቀነስ ለ3 የማይካፈል ቁጥር ሞዴሉ አይቀበልም። ኬክሮሳችን 9.7 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ፕሮጀክሽኑን (ክብ ምድር በጠፍጣፋ ካርታ የሚዘረጋበትን ዘዴ) መርኬተር አድርጉት።

ውስጠኛው ግሪድ ወደ ምሥራቅ የረዘመው በምክንያት ነው። ከተማውን መሐል አድርጋችሁ 60 በ60 ብትዘረጉ ምሥራቃዊው ጠርዝ ከአንኮበር በታች ባለው ቁልቁለት ላይ ይወድቃል። የግሪድ ጠርዝ ገደል ላይ ሲያርፍ ከውጭ የሚገባው ነፋስና ውስጥ ያለው መሬት አይጣጣሙም፤ ሞዴሉ ሐሰተኛ ወጀብ ይፈጥርና ወደ ከተማው ይገፋዋል። ስለዚህ ከከተማው ወደ ምዕራብ 25፣ ወደ ምሥራቅ 65 ኪሎ ሜትር ስጡና ጠርዙ ቆላው ላይ ይረፍ።

የጊዜ እርምጃው መነሻ በኪሎ ሜትር 6 ሰከንድ ነው፤ ለ9 ኪሎ ሜትር 54 ሰከንድ ማለት ነው። የጣርማ በርን ዳገት ይዛችሁ ግን 54 አይሠራም። በ36 ጀምሩ። እንደዚያም ሆኖ ሞዴሉ ከተቋረጠ የከፍታውን መረጃ አንድ ጊዜ ተጨማሪ አለስልሱት፤ ከዚያ ብቻ ነው እርምጃውን የምትቀንሱት።

«አራተኛ 333 ሜትር ብንጨምርስ?» ለሚለው፦ 90 በ90 ሳጥን ብቻ ብትጨምሩ የእሱ ሥራ የሦስቱን ድምር 2 እጥፍ ተኩል ይሆናል። ዋናው ችግር ግን ወጪው አይደለም። ከ1 ኪሎ ሜትር እስከ 200 ሜትር ያለው መጠን አስቸጋሪ ቀጠና ነው፤ ፀሐይ መሬቱን ስታሞቀው የሚነሡት የአየር ዙሮች ስፋታቸው ከሳጥኑ ጋር ይቀራረባል። ሞዴሉ እነዚህን ዙሮች በቀመር ይገምታቸዋል፣ በሳጥኖቹም በከፊል ያያቸዋል፤ ሁለት ጊዜ ይቆጥራቸዋል ማለት ነው። ለዚህ የተለየ አሠራር ካላወቃችሁ 1 ኪሎ ሜትር ላይ ቁሙ።

የደመና ቀመሩን (የኩሙለስ ስኪም) በ9 ኪሎ ሜትር አብሩት፣ በ3ና በ1 አጥፉት። ከበራ በክረምት ዝናቡ ሁለት ጊዜ ይቆጠርና አየሩ ከሚገባው በላይ ታጥቦ ይታያል።

ደረጃ 4፦ ሞዴሉ ከተማውን ስንት ሜትር ላይ እንዳስቀመጠው እዩ

ሞዴሉን ከማስኬዳችሁ በፊት የሳጥኑን ከፍታ አውጥታችሁ ከእውነተኛው ጋር አስተያዩ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሜዳ ላይ ስላለች በ9 ኪሎ ሜትርም ብዙ አትሳሳትም። ሸዋ ሮቢት ግን 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደብረ ሲና ደግሞ ከእሷ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፣ በመንገድ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ትገኛለች። የ9 ኪሎ ሜትር ሳጥን ቆላውንና ዳገቱን አማካይ ስለሚያደርግ ሸዋ ሮቢትን ወደ ላይ ያወጣታል። በየ100 ሜትሩ ስሕተት 0.65 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ የሙቀት ልዩነት ይመጣል። ልዩነቱ ከ100 ሜትር ካለፈ ያንን ግሪድ ለዚያ ከተማ አትጠቀሙበት።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ሞዴል ከ6 እስከ 7 ሳጥን ስፋት በታች ያለውን ነገር በትክክል አያይም። የ1 ኪሎ ሜትር ግሪድ በደንብ የሚያየው 7 ኪሎ ሜትር አካባቢና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው። የበሬሳን ወንዝ ተከትሎ በሌሊት የሚወርደውን ቀዝቃዛ አየር በዚህ ግሪድ አገኛለሁ ብላችሁ አትድከሙ።

የመሬት ሽፋኑንም እዩ። ከሞዴሉ ጋር የሚመጣው ሽፋን የቆየ ስለሆነ አዲስ የተሠሩትን ሰፈሮችና የኢንዱስትሪ ፓርኩን የእርሻ ማሳ ሊላቸው ይችላል። ከወርልድከቨር አምጥታችሁ ተኩ።

ደረጃ 5፦ ወደ ላይም አጥብቡ

ሞዴሉ አየሩን ወደ ላይም በንብርብር ይከፍለዋል፤ ወደ ጎን 1 ኪሎ ሜትር አድርገው የታችኛውን ንብርብር 60 ሜትር የሚተዉ አሉ። በጥቅምትና በጥር መካከል ሌሊቱ ጥርት ሲል ቅዝቃዜው መሬት ላይ ይተኛል፤ የማታውና የንጋቱ ጭስም አብሮ ይታፈናል። የታፈነበት ከፍታ ጥቂት አሥር ሜትሮች ከሆነ 60 ሜትር ንብርብር ያን ጭስ ገና ከመነሻው ያቀጥነዋል። የመጀመሪያውን ንብርብር 20 ሜትር ገደማ አድርጉ፤ በጠቅላላው 40 ንብርብር፣ ከእነዚህ 10ሩ ከመሬት እስከ 1 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ ይሁኑ።

ደረጃ 6፦ ልቀቱን አከፋፍሉ

ከሁሉ ብዙ ጊዜ የምትሰጡት ይህ ደረጃ ነው። እዚህ ያልተሠራ ሥራ በግሪድ አይካካስም።

የኤድጋር አንድ ሳጥን በእኛ ኬክሮስ 11.1 በ11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከ120 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ። እሱን በቀጥታ ወደ 1 ኪሎ ሜትር ብትቆርጡት 120 የሚያህሉ አንድ ዓይነት ሳጥኖች ታገኛላችሁ፤ ከተማውና የገብስ ማሳው እኩል ይጨሳሉ። ሰፊ ሳጥን የሚያመጣውን ማቅጠን በቁጥር ለማየት፦ የ9 ኪሎ ሜትር ሳጥን 81 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከዚህ ውስጥ የሚጨሰው 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆን ሞዴሉ የሚያየው የልቀት ጥግግት (ከአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚወጣው ጭስ) የእውነተኛው ሩብ ነው። ቀጥታ ለሚወጣ ጭስ ስሕተቱ ከዚህ ይጀምራል። በአየር ላይ ቆይቶ ለሚፈጠረው ደቃቅ ብናኝ ግን የግሪዱ ተጽዕኖ ያንሳል፤ እሱ በተፈጥሮው ሰፋ ብሎ የተዘረጋ ነው።

እያንዳንዱን ዘርፍ በየራሱ አከፋፍሉ፦

ሀ) ተሽከርካሪ፦ በመንገድ ርዝመት ብቻ ሳይሆን በመንገድ ደረጃ። የደሴው አስፋልት ሌሊትም የጭነት መኪና ይመላለስበታል፤ የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን እንደዚያ አይደለም። ለዋናው መንገድ ክብደት ለመስጠት ሁለት የሥራ ቀንና አንድ የገበያ ቀን ቆማችሁ መኪና ቁጠሩ።

ለ) የቤት ማገዶ፦ ብዙው ሰው የሚሳሳትበት ይህ ነው። በሕዝብ ብዛት ካከፋፈላችሁት ጭሱ ሁሉ መሐል ከተማ ይከማቻል። መሐል ከተማ ያለው ቤተሰብ ግን በኤሌክትሪክ ምጣድ የሚጋግርበት ዕድል ሰፊ ነው፤ ኩበትና ባሕር ዛፍ የሚነደው ዳር ዳሩና ገጠሩ ላይ ነው። የሕዝቡን ቁጥር በማገዶ ድርሻ አባዙት። ድርሻውን ለማወቅ በየሰፈሩ ሠላሳ ቤት ያህል ጠይቁ፤ በምን እንደሚጋግሩ፣ በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት።

ሐ) ፋብሪካ፦ በነጥብ አስገቡ፣ በጭስ ማውጫው ከፍታ። ረጅም ጭስ ማውጫ ያለውን መሬት ላይ ካስቀመጣችሁት ጠባቡ ግሪድ ከሰፊው የባሰ ይሳሳታል፤ ያልነበረ ጭስ በአንድ ሳጥን ላይ ስለሚቆልል።

መ) አቧራ፦ ጠጠርና አፈር መንገድ በበጋ ብቻ። በክረምት ዜሮ አድርጉት።

ስትጨርሱ የዘርፉን ጠቅላላ ድምር ከማከፋፈሉ በፊትና በኋላ አስተያዩ። ልዩነቱ ከ1 በመቶ ካለፈ ቆማችሁ ፈልጉ። በ3ቱም ግሪዶች ላይ ድምሩ እኩል ካልሆነ ኋላ የምታዩት ልዩነት የግሪድ አይደለም፤ የልቀት ነው።

ደረጃ 7፦ ሰዓቱን ቀይሩ

ሞዴሉ የሚሠራው በዓለም አቀፍ ሰዓት ነው፤ የጠየቃችኋቸው እናቶች የነገሯችሁ በእኛ ሰዓት ነው። ቀላሉ ሕግ፦ በቀን ሰዓት ላይ 3 ደምሩ፤ በሌሊት ሰዓት ላይ 15 ደምሩ፣ 24 ከሞላ ወይም ካለፈ 24 ቀንሱ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት 4 ይሆናል። ከምሽቱ 1 ሰዓት 16 ይሆናል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት 25፣ ሲቀነስ 1 ይሆናል። የንጋት 12 ከሌሊቱ ጋር፣ የማታ 12 ከቀኑ ጋር ይቆጠራል።

ይህ ትንሽ ነገር የሚመስላችሁ ከሆነ፦ የጠዋቱን 1 ሰዓት ጭስ ሳትቀይሩ «1» ብላችሁ ብታስገቡት ሞዴሉ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ያነደዋል። ያኔ አየሩ በጣም የታፈነበት ሰዓት ስለሆነ ብክለቱ ይንራል። በተቃራኒው 3 ሰዓት ብታዘገዩት ፀሐይ የታፈነውን ከፍታዋለችና ጭሱ ይጠፋል። ሁለቱም ስሕተት በመጨረሻ «ግሪዱ አልሠራም» ተብሎ ይዘገባል።

ቀኑንም ተመልከቱ። ሴንሰር አንባቢያችሁ «ኅዳር 12» ብሎ ከጻፈ ያ ኖቬምበር 21 ወይም 22 ነው። ያ ቀን ደግሞ ኅዳር የሚታጠንበት ነው፤ በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል፤ የልቀት መዝገቡም አያውቀውም። እሱንና የደመራን ማታ ከንጽጽሩ አውጡ።

ደረጃ 8፦ አንዱን ጊዜ በሦስቱም ግሪድ አስኪዱና አስተያዩ

ሁለት ጊዜ ምረጡ፦ ሁለት ሳምንት ከታኅሣሥ፣ ሁለት ሳምንት ከሐምሌ። ከእያንዳንዱ በፊት 3 ቀን ጨምሩና ውጤቱን ጣሉት፤ ሞዴሉ ከመነሻ ሁኔታው ለመላቀቅ ጊዜ ይፈልጋል። ከግሪዱ በቀር ምንም አትቀይሩ፤ ያው ልቀት፣ ያው ቀመር (በደረጃ 3 ካልነው የደመና ቀመር በስተቀር)።

ሴንሰሮቹን ከመትከላችሁ በፊት አንድ ቦታ ጎን ለጎን 10 ቀን አንብቡና ልዩነታቸውን አስተካክሉ። ርካሽ ሴንሰር እርጥበት ሲበዛ የጉሙን ጠብታ ብናኝ ነው ብሎ ይቆጥራል፤ የአየሩ እርጥበት ከ85 በመቶ በላይ የሆነበትን ሰዓት ለይታችሁ አውጡ። በክረምት ከመረጃችሁ ብዙው ሊሄድ እንደሚችል አስቡበት። ከአራቱ ሦስቱን በአንድ የ1 ኪሎ ሜትር ሳጥን ውስጥ በትኑ፦ አንዱ መንገድ አጠገብ፣ አንዱ ግቢ ውስጥ፣ አንዱ ከፍ ያለ ቦታ። መናኸሪያ በር ላይ የተሰቀለ ሴንሰር የሚለካው በዙሪያው ያለውን ጥቂት አሥር ሜትር ነው፤ ከሳጥን አማካይ ጋር ማስተያየት ፍትሐዊ አይሆንም። የሦስቱን አማካይ ውሰዱ። አራተኛው ከከተማው ውጭ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ይሁን።

ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል፦

1. ለእያንዳንዱ ግሪድ አማካይ አድልዎውን (ሞዴሉ ከልኬቱ በአማካይ በስንት እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ)፣ ትስስሩን (ኮሪሌሽን) እና ከልኬቱ በግማሽና በእጥፍ መካከል የወደቁትን ሰዓቶች ድርሻ አስሉ። ይህ ድርሻ ከግማሽ በላይ ከሆነ ሞዴሉ ተቀባይነት አለው።
2. የ1 ኪሎ ሜትሩን ውጤት 9 በ9 ሳጥን (81 ሳጥን) አማካይ አድርጋችሁ ከ9 ኪሎ ሜትሩ ውጤት ጋር አስተያዩ። ከተቀራረቡ ጠባቡ ግሪድ የጨመረው ዝርዝር ብቻ ነው። ከተራራቁ ነፋሱ ወይም ኬሚስትሪው ራሱ ተለውጧል፤ ነፋሱን ከመለኪያው ጋር አስተያዩና የትኛው እንደተሻለ እዩ።
3. በጠባቡ ግሪድ ስሕተቱ ቢብስ ወዲያው አትጣሉት። ጭሱ በ1 ኪሎ ሜትር ተስቶ ሲያልፍ ጠባቡ ግሪድ ሁለት ጊዜ ይቀጣል፤ በሌለበት ቦታ ስላስቀመጠው፣ ባለበት ቦታም ስላጣው። ሰፊው ግሪድ ሁሉንም ስለሚያደበዝዝ ከዚህ ቅጣት ያመልጣል። ሴንሰሩ ያለበትን ሳጥን ጨምሮ በዙሪያው ካሉት 9 ሳጥኖች ለልኬቱ የሚቀርበውን ውሰዱና እንደገና አስሉ፤ ያኔ ከተሻሻለ ችግሩ የነፋስ አቅጣጫ ነው።
4. ከ3 ወደ 1 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ የተገኘው መሻሻል ከሴንሰሮቻችሁ የእርስ በርስ ልዩነት ካነሰ በ3 ኪሎ ሜትር ሥሩ። የተረፈውን የኮምፒውተር ጊዜ ለአንድ ሙሉ ዓመት አውሉት።

ኦዞንን የምትሠሩ ከሆነ ሌላ ነገር ጠብቁ። ከመኪና የሚወጣው ናይትሪክ ኦክሳይድ አጠገቡ ያለውን ኦዞን ይበላል። ሰፊ ሳጥን ይህን ጋዝ ስለሚያቀጥነው ከተማ ውስጥ ኦዞን ከእውነቱ በላይ፣ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ ከእውነቱ በታች ይወጣል።

ደረጃ 9፦ ለመንገድ ዳርና ለጭስ ማውጫ ኤርሞድ ጨምሩ

ኤርሞድ እንደ ሌሎቹ በሳጥን አያስብም፤ እናንተ ባስቀመጣችሁት ነጥብ ላይ ያሰላል። ነጥቦቹን ከአጥሩ ላይ በየ25 ሜትር፣ እስከ 1 ኪሎ ሜትር በየ100፣ እስከ 5 ኪሎ ሜትር በየ250 ሜትር አስቀምጡ። ከፍተኛው ቁጥር የወጣበትን ነጥብ ፈልጉና በዙሪያው በየ25 ሜትር ጨምራችሁ ድገሙ፤ እውነተኛው ከፍተኛ ቁጥር በሁለት ነጥቦች መካከል ተደብቆ ሊሆን ይችላል።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች አሉ። ከትልቁ ሞዴል ዳራ (ከከተማው ውጭ የሚመጣውን ብክለት) ስትወስዱ የከተማው ልቀት ዜሮ ሆኖ የሄደውን ውሰዱ፤ አለበለዚያ ያው ጭስ ሁለት ጊዜ ይደመራል። ሁለተኛ፣ በደብረ ብርሃን ከፍታ የአየር ግፊቱ የባሕር ወለሉን 70 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ፋብሪካው የሰጣችሁ የጭስ መጠን «ኖርማል ሜትር ኪዩብ» (በ0 ዲግሪና በባሕር ወለል ግፊት የተሰላ) ከሆነ በቦታው ግፊትና በጭሱ ሙቀት ሳትቀይሩ ብታስገቡት የጭሱ ፍጥነት አንሶ፣ ጭሱ ዝቅ ብሎ፣ መሬት ላይ ያለው ብክለት ከእውነቱ በላይ ይወጣል።

ተደጋጋሚ ስሕተቶች

- ካርታው የቼዝ ሰሌዳ ከመሰለ ወይም በ11 ኪሎ ሜትር ቀጥ ያለ ድንበር ከታየበት ልቀቱ አልተከፋፈለም። ወደ ደረጃ 6 ተመለሱ።
- ብክለቱ በንጋት ሳይሆን በእኩለ ቀን ከናረ የሰዓት ስሕተት ነው።
- ሌሊት ሌሊት ሁልጊዜ ዝቅ ካለ የታችኛው ንብርብር ወፍራም ነው፣ ወይም ሞዴሉ ነፋሱን ከልኬቱ በላይ አድርጎታል። ግሪዱን አትንኩ፤ መጀመሪያ ነፋሱን እዩ።
- በኢንዱስትሪ ፓርኩ በኩል ምንም ካልታየ መዝገቡ የፋብሪካውን ልቀት በሕዝብ ብዛት በትኖት ይሆናል። ከዘርፉ ድምር ቀንሳችሁ በነጥብ አስገቡት።
- ከመካከለኛው ወደ ውስጠኛው ግሪድ በሚገባበት ጠርዝ ላይ ያሉትን 5 ሳጥኖች በውጤት ካርታ አታሳዩ።
- የሳጥኑን ጎን በዲግሪ ጽፎ በሜትር ማንበብ። 0.01 ዲግሪ በእኛ ዘንድ ወደ ሰሜን 1.11፣ ወደ ምሥራቅ 1.10 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ 1 ኪሎ ሜትር ብላችሁ ብትይዙት የልቀት ጥግግቱ ከ20 በመቶ በላይ ይሳሳታል።